ወርቁ ተሻገረ፣ ምቱ ቀረ

የአማርኛ ግጥም ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ በተባለ ቁጥር «ሰሙ እንጂ ወርቁ አልተሻገረም» የሚል ሙሾ ይወርዳል። ከሐሙሲት እስከ ደብረ ታቦርና ጋይንት ባለው አገር ክሱ ለጆሮ ይጥማል፤ የቤተልሔምን ድጓና የዙር አምባን ዝማሬ እየሰማ ያደገ ሰው «ፈረንጅ ቅኔ አይፈታም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ይሁን እንጂ ክሱ ዒላማውን ስቷል። ድርብ ፍቺ በማብራሪያም በግርጌ ማስታወሻም ይሻገራል። የማይሻገረው ምቱ ነው።

ክሪስ ቤኬትና ዓለሙ ተበጀ አሰባስበውና ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ2020 በካርካኔት አሳታሚ ድርጅት ያሳተሙት «ሶንግስ ዊ ለርን ፍሮም ትሪስ» የሚመሰገን መድበል ነው። የተማረውን ገጣሚ ብቻ ሳይሆን ስም የለሹን የሕዝብ ግጥምም አክብሮ አስገብቷል። ችግሩ የሚጀምረው ግጥሞቹን ጮክ ብሎ ላነበበ ሰው ነው።

የአማርኛ ስንኝ የሚለካው በቀለም (በክፍለ ቃል) ብዛት ነው። በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ልጆች በየደጁ የሚጨፍሩት ቡሄ በሉ አራት አራት እየረገጠ ይሄዳል፤ ስሙንም ለምጣኔው አውርሷል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ የወል ቤት ስድስት ስድስት ነው። ቆጠራው ግን የሒሳብ ቆጠራ አይደለም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ በጎረቤቱ ተውጦ ያልፋል፤ ዳኛው የአዝማሪው ወይም የአልቃሿ ጆሮ ነው። ሐረጉ መሃል ላይ ያርፋል፣ ሰሚው ቤት መድፊያውን ይጠብቃል፤ ቀልዱም ሐዘኑም የሚፈነዳው እዚያ ጥበቃ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ስንኝ በአንጻሩ የሚረግጠው ጠንከር ብሎ በሚነገረው የቃል ክፍል ላይ ስለሆነ፣ ተርጓሚው ስድስት ስድስት ቢቆጥርለት እንኳ አንባቢው አይሰማውም። ወደ ነጻ ስንኝ መሄድ ይገባል፤ ሽሽት መሆኑ ግን አይካድም።

ከሽሽቱ ያተረፈ አለ። ገጣሚው በዕውቀቱ ስዩም እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ በፖኤትሪ ፓርናሰስ የግጥም ፌስቲቫል ኢትዮጵያን ወክሎ ቀርቧል፤ በዚያው ዓመት ቤኬት የተረጎመለት አነስተኛ መድበልም ታትሟል። የበዕውቀቱ አጫጭር ግጥሞች ሐሳብን በመጨረሻው ስንኝ ስለሚገለብጡ፣ ምቱ ቢወልቅም ምጸቱ አይወድቅም። ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ላይ ግን ባለ ስምንት ቀለሙን «የጸጋዬ ቤት» ከነጠቁት የሚተርፈው ፉከራ ብቻ ይመስላል። እናም ባዕዱ አንባቢ የአማርኛ ግጥም አጭር፣ ቀልደኛና ተጠራጣሪ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የደረሰው ለትርጉም የቀለለው ነውና።

ስድ ንባብ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ዘግይቶም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2025 በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም ወጥቷል፤ ሲዘገይም የልብ ወለዱ ጉልበት አልቀነሰም።

ስለ ምት የሚጠይቅ ተርጓሚ መልሱን ከራሱ ከጸጋዬ ያገኛል። «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲያመጣ የሼክስፒርን እርምጃ ለመቅዳት አልደከመም፤ ወደ ስድ ንባብም አልሸሸም። በአማርኛ ቤት ገጠማቸው፣ በመድረክም ተሰሙ። በተቃራኒው አቅጣጫ ለሚሠራ ሰው የእንግሊዝኛ ባላድ ቅርቡ ነው፦ በአፍ የተወለደ፣ በአራትና በሦስት ምት የሚራመድ፣ ቤት የሚደፋ። ቀረርቶን ከነጻ ስንኝ በተሻለ ይሸከማል። ለጸጋዬ ግን ባላድም ይጠበዋል፤ እሱን ለመተርጎም የሚልተንን ረጅም ትንፋሽ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።