ቦረቦርን በጋቢዮን ብቻ? ከባሕር ዳርቻ የምንማረው

የዓለም የባሕር ወለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። አምቦ ሆናችሁ ይህን ስታነቡ «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ባሕሩ አይደርስብንም። የባሕር ዳር ገደልን የሚንደው ሳይንስ ግን እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕበል የገደሉን እግር ሲበላው፣ የላዩ አፈር ድጋፍ አጥቶ ይደረመሳል። የጊንጪ ጥቁር ዋልካ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ አፈሩን ያከብደዋል፤ ጎርፉም ከሥር ይቦረቡረዋል። ከዚያ የቦረቦሩ ግድግዳ ዱብ! ማሳው በየዓመቱ ይጠባል።

መፍትሔ ሲባል የምንሰማው ሁለት ነገር ነው፦ ዳገት ላይ እርከን፣ ወንዝ ዳር ጋቢዮን። እርከን ጎርፍን ያዘገያል፣ አይካድም። ጋቢዮንም ድልድይ ያተርፋል። ግን አምቦን አቋርጦ እንደሚያልፈው ሁሉቃ ባለ ወንዝ ላይ አንዱን ዳር ብቻ ብታጥሩ፣ ውሃው ጉልበቱን ይዞ ወደ ሌላው ጠርዝ ሊዞር ይችላል። አንዱን ቤት አድኖ ሌላውን ማስበላት ዕቅድ ይባላል እንዴ?

ጊንጪ አካባቢ የሚነሳውን አዋሽን ተከትላችሁ መተሐራ ውረዱ። እዚያ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2010ዎቹ ከ40 አለፈ። ውሃው ሲጨምር መንገዱን ከፍ ማድረግ፣ ቀጥሎ ጨዋማውን ውሃ ወደ አዋሽ መልቀቅ ሆነ። ችግሩ አልተፈታም፤ ከፊሉ ወደ ታችኛው ተፋሰስ ተሻገረ እንጂ።

የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ዕቅድ ለእያንዳንዱ የዳርቻ ክፍል አራት ምርጫ አለው፦ ባለበት መከላከል፣ ወደ ባሕር መግፋት፣ በሥርዓት ማፈግፈግ፣ ወይም መተው። ውሳኔው እስከ 20፣ እስከ 50 እና እስከ 100 ዓመት ተከፍሎ ይቀመጣል። እንከን የለሽ አይደለም፤ «ይተው» በተባለ መንደር ቤት ያለው ሰው ኪሳራው የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ቢያንስ ግን ቁርጡን ቀድሞ ያውቃል።

ለእኛም የጎደለን ይኸው ነው፦ የቱ ጠርዝ እንደሚጠበቅ፣ የቱ ለውሃ እንደሚተው፣ ቤት የማይሠራበት መስመር የት እንደሆነ፣ ለሚነሳውም ሰው ምትክ ቦታ የሚያሳይ ካርታ።

ካርታው በልኬት ይጀምራል። በበጋ ከቦረቦር ጠርዝ በደንብ ርቃችሁ ችካል ትከሉ፤ ርቀቱን ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ገምቱና መዝግቡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ድገሙት። የተሰነጠቀ ጠርዝ ላይ ግን በፍጹም አትቁሙ።