ከነጭ ጋውን ኋላ መቆም፦ ስለ ተማሪዎች የአጭር ጊዜ የሆስፒታል ልምምድ የቀረበ ሂስ

ሕክምና ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀሰም ዕውቀት እንዳልሆነ ማንም አይክድም። ስለዚህም የጤና ሙያ ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ወደ ሆስፒታልና ወደ ጤና ጣቢያ እየተላኩ ባለሙያዎችን ተከትለው ሥራውን እንዲያዩ ይደረጋል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶች ሐኪምን ለተወሰኑ ቀናት እንደ ጥላ እየተከተሉ ሙያውን እንዲመዝኑ ዕድል ይሰጣቸዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሊተች የሚገባው አፈጻጸሙ ነው። ማየትና መማር እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ፣ በቆይታ ቅጽ ላይ ፊርማ ስላረፈ ብቻ ልምድ ተገኘ ሲባል፣ ጉዳቱ በተማሪው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ነገ በእጁ ለሚወድቀው ታማሚም ይተርፋል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ዊሊያም ኦስለር እ.ኤ.አ. በ1893 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ከንግግር አዳራሽ አውጥቶ ወደ ታማሚው አልጋ ሲወስዳቸው፣ ዋናው ለውጥ የቦታ ለውጥ አልነበረም። ተማሪው የሚከታተላቸው ታማሚዎች ተመድበውለት፣ የሕመማቸውን ታሪክ ጠይቆ፣ መርምሮና መዝግቦ ለመምህሩ ማቅረብ ነበረበት። በዋርዱ ውስጥ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ድርሻ ያለው ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ስለነበሩት 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባወጣው ዘገባ አጥብቆ ከነቀፋቸው ጉድለቶች አንዱም ተማሪው ታማሚን በቅርብ ሳያገኝ የሚመረቅበት አሠራር ነበር።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ የምትጠቅሰው የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በዚያም የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድነት ይሠለጥኑ ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ሲወጡ የተላኩት ለመጎብኘት ሳይሆን ለመሥራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መርሑ አድርጎ ተነሣ። ተማሪው ወደ ቀበሌ ወርዶ የነዋሪውን የጤና ችግር ያጠናል፣ ቅደም ተከተል ያወጣለታል፣ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይፈልጋል። የሁለቱም ተቋማት ልምድ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ አጭር ቆይታ ሥራ ካለው አጭርነቱ አይጎዳውም።

ዛሬ በብዙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሚታየው ግን ከዚህ ይለያል። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የሕክምና ትምህርት ቤቶችና የተማሪዎች ቁጥር በእጅጉ አድጓል፤ የመምህራኑና የአልጋው ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም። በጠዋት ራውንድ አንድን አልጋ ኮንሰልታንቱ፣ ሬዚደንቶቹ፣ ኢንተርኖቹና ነርሶቹ ይከቡታል፤ ለልምምድ የመጣው ጀማሪ ተማሪ ከሁሉ ኋላ ይቆማል። ከዚያ ሆኖ የሚያየው የሌሎችን ጀርባ ነው። የታማሚው ድምፅ አይሰማውም፤ ውሳኔው ለምን እንደተወሰነ የሚነግረውም የለም። ቀኑ ሲያልቅ ሎግ ቡኩን ያስፈርማል። ፊርማው ተማሪው በቦታው እንደነበረ ይመሰክራል፤ ምን እንደተማረ ግን አይናገርም።

ሁለተኛው ጉድለት የሚታየው ነገር ጠባብነት ነው። ተማሪው ሐኪሙን ብቻ እንዲከተል ስለሚደረግ፣ ሕክምና ማለት ሐኪሙ አልጋው አጠገብ የሚያሳልፋቸው ጥቂት ደቂቃዎች ይመስሉታል። ካርድ ክፍል የተሰለፈውን ሕዝብ፣ በሌሊት ተረኛ የሆነችውን ነርስ ድካም፣ የታዘዘው መድኃኒት ከመደርደሪያው ሲታጣ ፋርማሲው የሚገባበትን ጭንቀት፣ ከሩቅ ገጠር መጥቶ በኮሪደር የሚያድረውን አስታማሚ አያይም። በአዲስ አበባ ተወልዶ የሕክምና ትምህርቱን በዚያው የጀመረው ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቨርጊስ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርቱ ተቋርጦ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በሆስፒታል ረዳትነት ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ከዚያም ወደ ሕንድ ተሻግሮ ትምህርቱን በማድራስ ፈጽሟል። ሐኪሙ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ በታማሚው ላይ የሚሆነውን ያወቀው በዚያ ዝቅ ተብሎ በሚታይ ሥራ ላይ ሳለ መሆኑን ደጋግሞ ገልጿል። ታማሚን ማጠብ፣ ማገላበጥና በጋሪ መግፋት በየትኛውም ሎግ ቡክ ላይ እምብዛም ቦታ የለውም፤ ነገር ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ጉድለት ታማሚውን ይመለከታል። የልምምድ ተማሪ ገና ለታማሚው የሚሰጠው አገልግሎት የለውም፤ ስለዚህ እዚያ መገኘቱ በታማሚው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይገባል። ይሁን እንጂ በማዋለጃ ክፍል ምጥ የያዛት እናት መጋረጃው ሲገለጥ የማታውቃቸው ወጣቶች ቆመው ስታይ፣ ማን እንደሆኑ የሚነግራት ሰው ሁልጊዜ አይኖርም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለእርሷ «ዶክተር» ነው፤ እምቢ ማለት እንደምትችልም አታውቅም። በዚህ መልክ የታየ ምርመራ ተማሪውን ሌላ ነገር ያስተምረዋል፦ ሳይጠይቁ መግባት እንደሚቻል። ይህ ትምህርት አንዴ ከገባ በኋላ በሥነ ምግባር ኮርስ አይወጣም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ ባለሙያው ሥራ ይበዛበታል፣ ታማሚው ብዙ ነው፣ ጊዜ የለም። መልሱ እውነትነት አለው። ነገር ግን የጊዜ እጥረት ለተማሪ የተወሰነ ሥራ ለመስጠት ምክንያት እንጂ ላለመስጠት ማመካኛ ሊሆን አይችልም። አንድ ተማሪ አንዲት ታማሚን ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት ቤት ተከትሎ የጠበቀችበትን ሰዓት ቢመዘግብ፣ ወይም ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ስለ ሕመሟ ምን እንደተረዳች ፈቅዳ ብትነግረው፣ የማንንም ጊዜ አይሻማም። እንዲያውም ሆስፒታሉ ስለ ራሱ የማያውቀውን ሊነግረው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የሚያስፈልግ ሌላ ቆይታ አለ፤ እርሱም ሙያው ከመመረጡ በፊት የሚደረገው ነው። ውጤቱ ከፍ ያለ ተማሪ ሕክምና እንዲገባ ቤተሰብም ጎረቤትም ይጠብቁታል። ብዙው ወጣት አንድም ቀን ዋርድ ሳይረግጥ ሕይወቱን የሚወስን ምርጫ ያደርጋል፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ማለት ነው። ደም ሲያይ የሚዝለፈለፍ መሆኑን፣ ወይም የሌሊት ተረኝነት እንደማይስማማው፣ ወይም ከሰው ሥቃይ ጋር መዋል እንደሚከብደው የሚረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። በተቃራኒው ለሙያው የተፈጠረ ሆኖ ሳለ ሳያየው የሚቀርም አለ። በ2012 ዓ.ም. እንደ ገና የተጀመረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ለዚህ በር ይከፍታል፤ ተማሪው ዘርፉን ከመምረጡ በፊት ሦስት ወይም አራት ቀን በሆስፒታል እንዲውል ማድረግ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። የዚህ ቆይታ ዓላማ ክህሎት ማስጨበጥ አይደለም፤ አውቆ እንዲመርጥ ወይም አውቆ እንዲተው ማስቻል ነው። «ይህ ለእኔ አይደለም» ብሎ የተመለሰ ተማሪም ጊዜውን አላባከነም፤ ለራሱም ለታማሚዎቹም ትልቅ ነገር አትርፏል።

እንግዲህ የአጭር ጊዜ ልምምድ ዋጋ እንዲኖረው ጥቂት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙት ተማሪዎች ቁጥር ይወሰን። ሁለተኛ፣ ተማሪው ስሙንና ተማሪነቱን ለታማሚው ተናግሮ ፈቃድ ይጠይቅ፤ እምቢታም ያለ ቅሬታ ይከበር። ሦስተኛ፣ ለደረጃው የሚመጥን አንድ የተወሰነ ሥራ ይሰጠው፤ ከነርሷ፣ ከላቦራቶሪው ባለሙያና ከፋርማሲው ጋርም ይዋል። አራተኛ፣ በቀኑ መጨረሻ ምን እንዳየና ምን እንዳልገባው የሚጠይቀው አንድ ሰው ይኑር፤ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ፊርማው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ጥላ ሰውን ይከተላል እንጂ አይማርም። ተማሪ ከጥላነት የሚወጣው ዞር ብሎ «አንተስ ምን አየህ?» የሚለው ባለሙያ ሲያገኝ ነው። ያ ጥያቄ የማይጠየቅበት ሆስፒታል ተማሪ ተቀብያለሁ ሊል ይችላል፤ አስተምሬያለሁ ለማለት ግን አይደፍርም።