በመንገድ ዳር በሚሸጡ መጠጦችና በረዶ ላይ የሚደረጉ ጥናቶች፦ ሂሳዊ ምልከታ

በአገራችን በየመንገዱና በየጁስ ቤቱ የሚሸጡ መጠጦች የጥናት ርዕስ ከሆኑ ሰንብተዋል። ለቦንጋ ቅርብ በሆነችው በጅማ ከተማ የአቮካዶ፣ የፓፓያና የአናናስ ጭማቂዎችን የመረመረው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ይህ ሥራ በካፋ ዞን ለሚታሰብ ጥናትም ጥሩ መነሻ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የጀርሞችን ከመድኃኒት ጋር መላመድ ጨምረው በቀረቡ በርካታ ጥናቶች ላይ ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው የመቶኛ አቀራረብ ነው። ከተገኙት ባክቴሪያዎች ምን ያህሉ አምፒሲሊንን እንደተቋቋሙ የሚገልጽ አኃዝ ልዩ ልዩ ዝርያዎችን በአንድነት ሲጠቀልል አሳሳች ይሆናል። ክሌብሲዬላ አምፒሲሊንን የሚቋቋመው በተፈጥሮው ነው፤ ቫንኮማይሲንም የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎችን ውጫዊ ሽፋን ስለማያልፍ አይጎዳቸውም። እንዲህ ያለው ውጤት የመድኃኒት ያለአግባብ አጠቃቀምን አያመለክትም። በአንጻሩ ኢ. ኮላይ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ወይም ሴፍትሪያክሶንን መቋቋሙ ከታወቀ ልዩ ትኩረት ይሻል።

ሁለተኛው የብክለቱን ምንጭ ሳይለዩ በሻጩ ላይ ብቻ መፍረድ ነው። ከብርጭቆ ብቻ የተወሰደ ናሙና ጥፋቱ የውኃው፣ የበረዶው፣ የፍራፍሬው፣ የመፍጫው ወይም የእጅ መሆኑን አይነግረንም። መቀዝቀዝም ንጽሕናን አያረጋግጥም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የአንጀት ሕመም አምጪ ባክቴሪያዎች በረዶው በአልኮል መጠጥ ውስጥ ከሟሟ በኋላ እንኳ ሊተርፉ እንደሚችሉ አሳይቷል። በረዶው የተሠራበት ውኃ ሳይመረመር ሻጩን ስለ እጅ መታጠብ ማስተማር ብቻውን በቂ አይሆንም።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ብቻ አይደለም። በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ የተጠቀለለውን መቶኛ አንብቦ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ሁሉ ጠንከር ያለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ቢያዝዝ፣ ጥናቱ ሊከላከለው የተነሣው ችግር ይባባሳል። ደም የሌለበት አጣዳፊ ተቅማጥ ለያዛቸው አብዛኞቹ ሕፃናት የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ነው።

ስለሆነም በቦንጋና በአካባቢዋ ወደፊት የሚካሄድ ጥናት ናሙናውን ከቧንቧው ወይም ከምንጩ፣ ከጄሪካኑ፣ ከበረዶውና ከብርጭቆው ለየብቻ ሊወስድ ይገባል። በውኃው ውስጥ የቀረውን የክሎሪን መጠን ይለካ፤ የመላመዱንም ውጤት በየዝርያው ይግለጽ። ግኝቱም በመጽሔት ገጽ ላይ ሳይቀር ውኃውን ለሚያቀርበውና ለሚቆጣጠረው አካል ይድረስ። ሻጩ ሊያስተካክለው የሚችለው በእጁ ያለውን ብቻ ነው፤ ቧንቧው ግን በእጁ አይደለም።