ሰዓቱን አብርተን ታሪኩን እንዳናጠፋ
ስለ ኪስ ሰዓት አሰባሰብና አጠናን የቀረበ ሂስ

ስለ ሥዕል፣ ስለ ቅርጻ ቅርጽ፣ ስለ ሙዚቃና ስለ ቴአትር የሚቀርበው ሂስ እያደገ ቢመጣም፣ ሰው በየዕለቱ ሲገለገልባቸው ስለኖሩት የእጅና የፋብሪካ ውጤቶች የሚጻፈው እጅግ አነስተኛ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ የኪስ ሰዓት ነው። አሮጌ የኪስ ሰዓት የሚሰበስቡ ወገኖች በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን አሉ። ይሁን እንጂ አሰባሰባቸውም ሆነ አጠናናቸው ብዙ ጊዜ ከጌጥ ፍቅርና ከዋጋ ግምት አልፎ አይሄድም። ይህ ጽሑፍ ያንን ልማድ ይተቻል። ጸሐፊው ራሱ ከስሕተቱ ነፃ ስላልሆነ ደግሞ፣ ሂሱ መጨረሻው ላይ ወደ ግለ ሂስ ያመራል።

፩. ከሲቀላ የተገኘ ሰዓት

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ ላይ አንድ የኪስ ሰዓት ገዛሁ። ሰዓቱ ቆሟል፤ መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ ሰንሰለቱ ጠፍቶ በምትኩ በእጅ የተገመደ የጥጥ ገመድ ታስሮበታል። ገመዱ ከሸማኔ ድር የተረፈ ክር መሆኑን በጋሞ ምድር ለኖረ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሰዓት ሠሪው እንደነገረኝ፣ ዕቃውን ለሽያጭ ያመጣው ጨንቻ ያስተምሩ የነበሩ የአንድ ሟች መምህር ልጅ ነው።

በሰዓቱ ፊት ላይ በሩሲያ ፊደል «ሞልኒያ» የሚል ቃል ይነበባል፤ ትርጉሙ መብረቅ ማለት ነው። ሰዓቱ የተሠራው በኡራል ተራሮች አጠገብ በምትገኘው በቼልያቢንስክ ከተማ፣ በ1947 እ.አ.አ. በተቋቋመው ፋብሪካ ነው። ሞተሩ 3602 በሚል ቁጥር ይታወቃል፤ ከቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 36 የሞተሩን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል። 18 የዕንቍ ማረፊያዎች አሉት። የሚዛን ጎማው በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በየሰከንዱ 5 ጊዜ ይመታል። የሞተሩ ንድፍ ግን መነሻው ሩሲያ አይደለም፤ ኮርቴቤር ከተባለው የስዊስ ፋብሪካ የመጣ ነው። ይኸው ፋብሪካ የኢጣሊያ ምድር ባቡር ሠራተኞች «ፔርሴዮ» በሚል ስም ይይዙት የነበረውን ሰዓት ሠርቷል። እንግዲህ ጨንቻ ደጋ ላይ በአንድ መምህር ኪስ ውስጥ ሲመታ የኖረው ይህ ዕቃ በስዊስ ታቅዶ፣ በኡራል ተሠርቶ፣ በጋሞ ጥጥ የታሰረ ነው።

በሰዓቱ ፊት ግርጌ «በሶቭየት ኅብረት የተሠራ» የሚለው በሩሲያ ቋንቋ ተጽፏል። ለውጭ ገበያ በተዘጋጁት ላይ ይኸው ቃል ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፍ ነበር። ሶቭየት ኅብረት በ1991 እ.አ.አ. እስከፈረሰች ድረስ በርካታ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደዚያ መሄዳቸውን ስናስብ፣ ሰዓቱ እዚያው አገር ተገዝቶ በሻንጣ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለን ልንገምት እንችላለን። ግምት ግን ግምት ነው። ግምቱን ወደ እውቀት የሚያሸጋግረው ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ያ ማስረጃ በሰዓቱ ላይ እንደነበረ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

፪. የንጉሥ ሰዓትና የሠራተኛ ሰዓት

በሰብሳቢዎቻችን ዘንድ የሚታየው የመጀመሪያው ጉድለት የባለቤቱን ዝና የዕቃው ጥበብ አድርጎ መቁጠር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.አ.አ. ስዊስን በጎበኙ ጊዜ እንደተበረከተላቸው የሚነገረው የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ የእጅ ሰዓት በዚህ ረገድ ብዙ አነጋግሯል። ሰዓቱ በ2015 እ.አ.አ. ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ቀርቦ በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከጨረታው ወጣ፤ በ2017 ግን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ይህ ጉዳይ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነበረው። አንድ ዕቃ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያስረዳ መዝገብ ሲጎድል ምን እንደሚከተል አሳይቷል። ከጉዳዩ በኋላ በየወዳጅ ጨዋታው የተነሣው ጥያቄ ግን «ስንት አወጣ?» የሚል ብቻ ነበር።

የሰዓት ጥበብ ታሪክ የነገሥታት ታሪክ ብቻ አይደለም። ጆርጅ ፍሬድሪክ ሮስኮፍ (1813-1889 እ.አ.አ.) በስዊስ፣ በላ ሾ ደ ፎን ከተማ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ነው። ምኞቱ ተራው ሠራተኛ በ20 ፍራንክ ሊገዛው የሚችል ጠንካራና ትክክለኛ ሰዓት መሥራት ነበር። በ1867 እ.አ.አ. ለገበያ ያቀረበው ይህ ሰዓት «የፕሮሌታሪያት ሰዓት» ተባለ። ክፍሎቹን ቀንሶ 57 ብቻ አደረጋቸው፤ ዋናው ሞላ የሚቀመጥበትን በርሜል አስፍቶ ከወትሮው የማርሽ ተራ አንዱን መዘውር አስወገደ፤ ክዳኑን ከወርቅ ወይም ከብር ሳይሆን ከርካሽ ብረት አሠራው። በዚያው ዓመት በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የነሐስ ሜዳይ ተሸለመ። ብዙም ሳይቆይ ስሙን በጥቂቱ እያጣመሙ የሚጽፉ አስመሳዮች ገበያውን አጥለቀለቁት። ዛሬም «ሮስኮፍ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰዓት ሁሉ የሮስኮፍ ሥራ አይደለም።

የኪነ ጥበብ ሐያሲ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ቁም ነገር አለ። የሮስኮፍ ሰዓት ውበቱ በተጨመረበት ጌጥ ሳይሆን በተቀነሰለት ነገር ላይ ነው። ትርፍ የሌለበት ሥራ ውበት እንዳለው የዶርዜ ሸማኔ ያውቀዋል። በነጭ ጋቢ ላይ ጥለቱ ከዳር ብቻ የሚገባው፣ መሐሉ ነጭ ሆኖ መተዉ ራሱ የአሠራሩ አካል ስለሆነ ነው።

«ሰዓት የባዕድ ፋብሪካ ውጤት እንጂ የእኛ ቅርስ አይደለም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነዚህ ወገኖች መልሱ ቀላል ነው። በጥለቱ ውስጥ የሚገባው ባለ ቀለም ክር ከፋብሪካ ስለመጣ ሸማው የዶርዜ መሆኑ አልቀረም። ዕቃን የአንድ ሕዝብ ታሪክ አካል የሚያደርገው የተሠራበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ የኖረበት ኑሮም ነው።

፫. ባለ ሁለት ንባብ ፊት

ሁለተኛው ጉድለት ከውጭ አገር ማውጫ ላይ የሞተሩን ቁጥርና የተሠራበትን ዘመን ገልብጦ ጥናቱ ተፈጸመ ማለት ነው። ማውጫ አስፈላጊ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በስዊስ የብር ክዳን ላይ የተመታ የድብ ምስል 0.875፣ የቆቅ መሰል ወፍ ምስል ደግሞ 0.800 ጥራት ያለውን ብር እንደሚያመለክት፣ ይህም ሥርዓት በ1880 እ.አ.አ. በወጣ ሕግ እንደተመሠረተ የምንማረው ከዚያ ነው። ነገር ግን ሰዓቱ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ የኖረውን ሕይወት ማውጫ አይነግረንም።

በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከንጋት ስለሆነ፣ አውሮፓዊው ሰባት ያለውን እኛ አንድ እንላለን። የሰዓት ፊት በ12 የተከፈለ በመሆኑ፣ አንዱ ሰው አመልካቹን በስድስት ሰዓት አዛውሮ በአገሩ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ሌላው እንደ ፋብሪካው ትቶት ተቃራኒውን አኃዝ በልቡ ያነብባል። በዚህ የተነሣ አንድ ዓይነት ሰዓት በሁለት ኢትዮጵያውያን ኪስ ውስጥ ሆኖ የሰዓት አመልካቹ ፊት ለፊት ተቃራኒ ቦታ ሊያመለክት ይችላል። ጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ያላቸው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በእንዲህ ያለ አገር ንጋትን መነሻ ማድረግ የተፈጥሮን እውነታ የተከተለ ሥርዓት ነው። ይህን ያላገናዘበ ተመራማሪ ሰዓቱን ከፍቶ ያየዋል እንጂ አያነብበውም።

የአየር ጠባይም እንዲሁ ይመዘገባል። የነሐስ ሚዛን ጎማና ተራ የብረት ጥምዝ ሽቦ ያለው አሮጌ ሰዓት፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በቀን ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ሰዓት በደጋው ቅዝቃዜ ተስተካክሎ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድና ልዩነቱ 10 ዲግሪ ሲሆን፣ በቀን ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። በሞተሩ ላይ የማፍጠኛና የማዘግያ ምልክት ያለበት ትንሽ መቆጣጠሪያ አለ። በዙሪያው የሚታየው የብዙ ጊዜ ጭረት እንግዲህ የሰዓት ሠሪው ግድየለሽነት ላይሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የተመላለሰበት ዱካ ሊሆን ይችላል።

፬. ግለ ሂስ

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት ሰዓቱን አሳምራለሁ ብሎ ምስክርነቱን ማጥፋት ነው። እዚህ ላይ የምተቸው ራሴን ነው።

ሰዓቱን በገዛሁ ጊዜ የኋላ ክዳኑን ስከፍት፣ በውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ጽሑፎች ነበሩ። ሰዓት ሠሪዎች ያደሱትን ሰዓት ክዳን በውስጥ በኩል ጭረው ምልክትና ቀን መተዋቸው በብዙ አገር የታወቀ ልማድ ነው። ከእነዚያ በታች ግን በደቃቅ የአማርኛ ፊደል የተጻፈ ሁለት መስመር ነበረ። ጊዜ ሲኖረኝ አነብበዋለሁ ብዬ አለፍኩት። ከዚያም ሰዓቱን ለአንድ ባለሙያ ሰጥቼ «ውስጡንም ውጭውንም እንደ አዲስ አድርግልኝ» አልኩ። ባለሙያው የታዘዘውን በሚገባ ፈጸመ። ክዳኑ እንደ መስተዋት አበራ። የጥጥ ገመዱንም አውጥቼ ጣልኩና ከአዲስ አበባ የተገዛ ሰንሰለት አደረግሁበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ሴት አጠያይቃ ቤቴ መጣች። የሟቹ መምህር ልጅ ነበረች። ወንድሟ ሰዓቱን የሸጠው ሳትሰማ ነው። «መምህር፣ ሰዓቱንስ ገዝተውታል፤ መልሱልኝ አልልም» አለችኝ። «አባባ ክዳኑ ውስጥ የጻፈው ነገር አለ። የእጅ ጽሑፉ ሌላ ቦታ አልቀረልንም። አንዴ ያሳዩኝ ብዬ ነው።»

ከፍቼ ሰጠኋት። በሚያበራው ክዳን ውስጥ ያየችው የራሷን ፊት ነው። ጥቂት አገላብጣ ስታበቃ «ገመዱስ?» ብላ ጠየቀች። ገመዱን የገመዱት እናቷ ኖረዋል።

በጋሞ ባህል አንድ ሰው የማይገባውን ሲፈጽም «ጎሜ» ይባላል። ጎሜ በዝምታ አይሽርም፤ በሽማግሌዎች ፊት ተነግሮ እንጂ። ይህ ገጽ ዱቡሻ ባይሆንም ጥፋቱን በአደባባይ መናገሩ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ሰዓቱ የተገዛበትን አገር፣ ዓመቱንና ምናልባትም የጉዞውን ምክንያት ሊነግረን ይችል የነበረው ማስረጃ የጠፋው በገዢው እጅ ነው። ሰዓቱ በአሁኑ ጊዜ በትክክል ይሠራል፤ የሚናገረው ግን ጊዜውን ብቻ ነው።

፭. ምን ይደረግ?

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ለሰብሳቢዎች፣ ለመምህራንና ለቤተ መዘክር ሠራተኞች ጥቂት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ ዕቃው ከመጽዳቱ በፊት ይመዝገብ። የውጭና የውስጥ ክዳኑ፣ ፊቱ፣ ሞተሩ፣ ማሰሪያው ጭምር ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ደቃቅ ጭረት የሚነበበው በእንዲህ ያለ ብርሃን ነው። የሻጩ ቃል በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ ከተቻለም ቤተሰቡ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ለሰዓቱ ጤንነት የሚደረገው እድሳትና ለዓይን ደስታ የሚደረገው ማሳመር ይለዩ። ዘይቱ የደረቀ ሰዓት ሳይጸዳ ሞላው ከተሞላ የመዘውሮቹ ጫፎች ይበላሉ፤ ስለዚህ ሞተሩን ማጽዳትና ዘይት መቀባት ግዴታ ነው። ክዳንን ማብረቅ ግን ግዴታ አይደለም። በጨለማ እንዲታዩ ተብለው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በራዲየም የተቀቡትን አኃዞች ደግሞ መፋቅ ለጤና አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት የሚታወቅ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕግ ግን የሚጠብቀው የታወቀውንና የተመዘገበውን ነው። ስሙና ታሪኩ ያልተጻፈለት ሰዓት በሻንጣ ውስጥ ሲያልፍ ከአሮጌ ብረት አይለይም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን የአያቶቻቸውን ሰዓት እንዲገልጹ ቢያደርጉ፣ ከአንድ ክፍል ብቻ ብዙ ቤተ መዘክር የሌለው መዝገብ ይገኛል።

እኔም ለዚያ ሰዓት መዝገብ አዘጋጅቼለታለሁ። የሞተሩ ቁጥር፣ የተሠራበት ከተማ፣ የተገዛበት ስፍራ ተሞልቷል። «የክዳን ውስጥ ጽሑፍ» በሚለው ረድፍ ላይ «ነበረ፤ ሰብሳቢው አጥፍቶታል» ተብሎ ተጽፏል። ከመዝገቡ አንዱን ቅጂ ከሰዓቱ ጋር ለልጅቱ ሰጥቻለሁ። ሰንሰለቱን ግን አልተቀበለችኝም። ከከረጢቷ አንድ ቁራጭ ድር አውጥታ እዚያው በፊቴ ገመደችና አሰረችው።