የብረት እጅ የማይደርስበት ሥራ

ሰው የእጁን ጥቅም አጥብቆ የሚያውቀው እጁን ባጣ ጊዜ ነው። ቍልፍ ስንቈልፍ፥ እንጀራ ስንቈርስ፥ ስናማትብም እጃችን ሥራውን በዝምታ ስለሚፈጽም ምስጋና አናቀርብለትም። ስለዚህ በውትድርና ሥራ ላይ ሳለ ሁለት እጆቹን ያጣ ሰው ስለ መሣሪያ፥ ስለ ጤናና ስለ ዕለት ኑሮ የሚሰጠው አሳብ፥ አካሉ ሙሉ የሆነ ሊቅ ከሚጽፈው የሚበልጥበት ነገር አለ። አሜሪካዊው የጦር ጕዳተኛ ሃሮልድ ረስል እንደዚህ ያለ ምስክር ነው። በ1946 «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» በተባለው ሲኒማ ላይ ታየ፤ በ1949 ደግሞ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ሆኖ «ድል በእጆቼ» የተባለውን የሕይወቱን ታሪክ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱን ሥራዎች ጐን ለጐን አድርገን ብንመረምራቸው፥ ሲኒማው ከመጽሐፉ ስም ይልቅ ጠለቅ ያለ እውነት እንደ ተናገረ እናያለን።

ረስል የተወለደው በ1914 በካናዳ አገር በኖቫ ስኮሺያ ሲሆን ያደገው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ነው። ጦርነቱ ሲነሣ በምግብ መሸጫ ሱቅ ይሠራ ነበር። ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ የጃንጥላ ወታደሮችን የሚያሠለጥን ሃምሳ አለቃ ሆነ። ጁን 6 ቀን 1944፥ ማለት የተባበሩት መንግሥታት ጦር በኖርማንዲ ባሕር ዳር በወረደበት ዕለት፥ እርሱ በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ሰፈር ፈንጂ ይዞ ሲያሠለጥን ፈንጂው በእጁ ላይ ፈነዳ። ሁለት እጆቹም ተቈረጡ።

ከዚህ በኋላ ዎልተር ሪድ በተባለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሳለ፥ የሰው እጅ ከሚመስለው ከፕላስቲክ እጅና ከብረት መንጠቆ አንዱን እንዲመርጥ ተጠየቀ። እርሱም መንጠቆውን መረጠ። የዚህን ዓይነት መንጠቆ በ1912 በመንግሥት መዝገብ በስሙ ያስመዘገበው ዶራንስ የተባለ፥ ራሱም እጁን ያጣ አሜሪካዊ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሁለት የብረት ጣቶች በላስቲክ ቀለበት ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከጣቶቹ አንዱ በትከሻ ላይ ከሚታሰረው ጠፍር ጋር በሽቦ ገመድ ይያያዛል፤ ባለቤቱ ትከሻውን ሲያንቀሳቅስ ወይም ክንዱን ወደ ፊት ሲዘረጋ ገመዱ ተስቦ ጣቶቹ ይከፈታሉ፤ ሲመልሰውም ላስቲኩ ይዘጋቸዋል። በዚህ መሣሪያ ረስል ክብሪት ይጭር፥ ብርጭቆ ያነሣ፥ ስሙን ይፈርም ነበር። በመንጠቆዎቹ የማያነሣው ነገር ቢኖር የምግብ ቤት ሒሳብ ብቻ እንደ ሆነ እየቀለደ ይናገር ነበር።

በዚህ ምርጫ ውስጥ ስለ መሣሪያ የሰጠው ፍርድ ይገኛል። የፕላስቲኩ እጅ የተመልካቹን ዓይን ያሳርፋል፤ መንጠቆው ግን የባለቤቱን ሥራ ይሠራል። ረስል የሰዎችን ዓይን ከማስደሰት ይልቅ በገዛ እጁ መጕረስን መረጠ። ዛሬ ከጡንቻ በሚመጣ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚንቀሳቀሱ እጆች ተሠርተዋል፤ ቢሆንም ቀላልነቱንና ጥንካሬውን ወደው ያንኑ የብረት መንጠቆ የሚይዙ ሰዎች እስካሁን አሉ። መሣሪያን በአዲስነቱና በውበቱ ብቻ ለሚመዝን ሰው ይህ በቂ ትምህርት ነው።

ስለ ጤና ያለው አሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሐኪሞቹ ቍስሉን ካዳኑለት በኋላ ልቡ ገና በሽተኛ ነበር፤ ምን ሠርቼ እኖራለሁ የሚለው ጭንቀት ያዘው። በዚህ ጊዜ ቻርሊ ማክጎኒግል የተባለ፥ በፊተኛው የዓለም ጦርነት ሁለት እጆቹን ያጣ ሰው በመንጠቆ ሲሠራ የሚያሳይ ፊልም በሆስፒታሉ ተመለከተ፤ ከዚያ ወዲያ ልቡ ተነሣ። ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጣል፤ ተስፋን ግን አብልጦ የሚሰጠው በዚያው መከራ አልፎ የወጣ ሰው ነው። ረስልም በኋላ ዘመኑ ለሌሎች ያንኑ ሆኖ፥ ሰው ያጣውን ሳይሆን የቀረውን መቍጠር እንደሚገባው ሲያስተምር ኖረ።

እስከዚህ ድረስ «ድል በእጆቼ» የሚለው ስም የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ያ ስም ሁሉን ነገር የአንድ ሰው ብርታት እንዳደረገው ሆኖ ይሰማል። ሲኒማው የጐደለውን የሚሞላው እዚህ ላይ ነው። ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀው ይህ ሲኒማ ማኪንሌ ካንተር በግጥም መልክ ከጻፈው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በካንተር ድርሰት ውስጥ ሆመር የተባለው መርከበኛ አንጎሉ ተጐድቶ አካሉን ማዘዝ የተሳነው ሰው ነው፤ ዋይለር ግን ረስል የታየበትን አንድ የጦር ሠራዊት ፊልም ካየ በኋላ ሆመርን እጆቹን ያጣ ሰው አደረገው፤ ሥራውንም ለረስል ሰጠው። ለውጡ መልካም ነበር፤ ተዋናይ ሊያስመስለው የማይችለውን ነገር ተመልካቹ በዓይኑ ለማየት ችሏልና።

ሆመር ወደ ቤቱ ሲመለስ መንጠቆዎቹን መጠቀም ያውቃል፤ ማየት ያላወቁት ቤተ ሰቦቹ ናቸው። ጓደኞቹን ለመሰናበት ክንዱን ሲያነሣ እናቱ ብረቱን አይታ ትደነግጣለች። ልጆች በመስኮት አሾልከው ሲያዩት በንዴት መንጠቆዎቹን በመስተዋቱ ይሰድዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለእጮኛው ለዊልማ የመኝታውን ነገር የሚያሳይበት ክፍል ነው። በዚያ ሌሊት ጠፍሩን ከትከሻው አውልቆ መንጠቆዎቹን አልጋ ላይ ያኖራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ቢዘጋበት ሊከፍት፥ ሲጋራ ሊያጨስ እንደማይችል ይነግራታል። ይህን ሁሉ የሚያሳያት ትታው እንድትሄድ ጊዜ ለመስጠት ነው። እርስዋ ግን የሌሊት ልብሱን ቈልፋለት፥ ብርድ ልብሱን አልብሳው ትቀራለች።

በዚህ ክፍል ሲኒማው የብረት እጅ የሥራው ወሰን የት እንደ ሆነ ያሳያል። ብረቱ ለቀን ሥራ በቂ ነው፤ ሲመሽ ይወልቃል፤ ከወለቀም በኋላ ለሰው የሚቀረው ሌላ ሰው ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ ሁለቱንም ላጣ ሰው ጭብጨባው ከባልንጀራው ጋር ነው።

ሆኖም በሲኒማው ላይ የምናቀርበው አንድ ነቀፋ አለ። ታሪኩ በሰርግ ስለሚፈጸም፥ የሆመር ችግር ሁሉ በአንዲት ደግ ሴት ፍቅር ያለቀ ይመስላል። ዊልማን የመሰለች ያላገኘው ጕዳተኛስ? እንጀራውንስ ከየት ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው የረስል የኋላ ኑሮው ነው። በ1947 ስለዚሁ ሥራው ሁለት የአካዳሚ ሽልማት ተቀበለ፤ አንዱ ለትወናው፥ አንዱ ደግሞ ለጦር ጕዳተኞች ተስፋና ድፍረት ስለ ሰጠ። ዋይለር ግን ወደ ትምህርት ቤት እንዲመለስ መከረው፤ እጅ ለሌለው ተዋናይ ብዙ ሥራ እንደማይኖር ያውቅ ነበርና። ረስልም ምክሩን ሰምቶ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን አካለ ስንኩላን ሥራ እንዲያገኙ ለሚደክመው ኮሚቴ ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙት፤ በዚያም ብዙ ዓመት አገለገለ። ያም ሁሉ ሆኖ በ1992 ለሚስቱ ሕክምና ገንዘብ እንዳስፈለገው ተናግሮ የትወናውን ሽልማት በጨረታ በ60,500 ዶላር ሸጠው። እርሱም በ2002 በ88 ዓመቱ ዐረፈ። ሕዝብ የብርታት ምሳሌ ብሎ ያጨበጨበለት ሰው የሕክምና ዋጋ ለማግኘት ሽልማቱን መሸጡ፥ ጭብጨባ ብቻውን ዕዳን እንደማይከፍል ያስረዳል።

ይህን ነገር ወደ ራሳችን መልሰን እንመልከተው። በአገራችንም ከየጦርነቱ አካላቸው ጐድሎ የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። እኛም በእነርሱ ፊት ከሁለት ስሕተት በአንዱ እንወድቃለን፤ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳንቲም ጥሎ ያልፋል፥ አንዳንዱ ጀግና ብሎ አመስግኖ ያልፋል። ሁለቱም አላፊዎች ናቸው።

መጽሐፈ ሳሙኤል የዮናታንን ልጅ የሜምፊቦስቴን ታሪክ ይነግረናል። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ የጦርነቱ ወሬ በደረሰ ጊዜ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ዳዊት በነገሠ ጊዜ ፈልጎ አስመጣውና ሁለት ነገር አደረገለት፤ የአያቱን የሳኦልን መሬት ከሚያርሱለት ሰዎች ጋር መለሰለት፥ ዘወትርም ከንጉሡ ማዕድ እንዲበላ አደረገው። መሬቱ መተዳደሪያው ነው፤ ማዕዱ ወንድምነቱ ነው። ረስል በኮሚቴው የደከመው ስለ መጀመሪያው ነው፤ በሲኒማው የሌሊት ክፍል ያሳየንም ሁለተኛውን ነው። መንጠቆውን የሚሠራ ባለሙያ ድርሻውን ፈጽሟል፤ ሥራና ማዕድ መስጠት ግን የእኛ ድርሻ ነው። አምላክ ይህን አይቶ የሚያደርግ ልብ ለሁላችን ይስጠን።