ለሙሴ ኢተን የተጻፈ ደብዳቤ

ቶሮንቶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኢተን ሴንተር የሚባለውን የገበያ ማዕከል ያውቁታል። ስሙን ያወረሰው ድርጅት ግን ከተዘጋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከአየርላንድ የመጡት ቲሞቲ ኢተን በ1869 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቶሮንቶ፣ ያንግ ጎዳና ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ዱቤ የለም፤ ዕቃው ካልተስማማ ገንዘብ ይመለሳል። ዋጋ መከራከር በለመደ ገበያ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። በ1884 የጀመሩት ካታሎግ ደግሞ ሱቁን ከከተማ አውጥቶ የገበሬው ጓዳ ድረስ አስገባው። ልብስ፣ ምድጃ፣ ኋላም የቤት መሥሪያ ዕቃ ሳይቀር በካታሎግ እየታዘዘ በባቡር ይላክ ጀመር።

ስለዚህ ድርጅት የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ። የቤተሰቡን ሀብትና የአወዳደቁን ምክንያት ይተነትናሉ። ሰው ከአንድ ሱቅ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ያሳየኝ ግን የአሥር ደቂቃ የካርቱን ፊልም ነው፦ የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ በ1980 ያወጣው፣ ሼልደን ኮኸን ያዘጋጀው «ማልያው»። ታሪኩ የኩቤኩ ደራሲ የሮክ ካሪዬ የልጅነት ትዝታ ነው። የሚተርከውም ራሱ ካሪዬ ነው፤ እንግሊዝኛው ውስጥ ፈረንሳይኛው ይሰማል።

ዘመኑ 1946፣ ቦታው ሳንት ዡስቲን የምትባል የኩቤክ መንደር፣ ወቅቱ የበረዶ ወራት ነው። የመንደሩ ልጆች በሙሉ የሞንትሪያል ካናዲያንስ የተባለውን የሆኪ ቡድን ቀይ ማልያ ለብሰው፣ የቡድኑን ኮከብ የሞሪስ ሪሻርን 9 ቁጥር በጀርባቸው አድርገው፣ ጸጉራቸውን እንኳ እንደ እርሱ አበጥረው ሆኪ ይጫወታሉ። የትንሹ ሮክ ማልያ ጠበበውና ተቀደደ። እናቱ ኩሩ ሴት ናቸው፤ የመንደር ሱቅ ልብስ ለልጃቸው አይመጥንም ብለው የኢተንን ካታሎግ ይገልጣሉ። የትዕዛዝ ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ቃል አይገባቸውም። ቅጹን ትተው በቀጥታ ለሙሴ ኢተን (ሙሴ በፈረንሳይኛ «አቶ» ማለት ነው) ደብዳቤ ይጽፋሉ። የልጁን ዕድሜና ቁመት፣ ሐኪሙም ከሳ ማለታቸውን ይነግሯቸዋል፤ ሦስት ዶላር ይልካሉ፤ መልስ ካለው እንዲመለስላቸው፣ ጥቅሉም ካለፈው ጊዜ የተሻለ እንዲሆን ያሳስባሉ። የመጣው ማልያ ግን ሰማያዊ ነው። ደረቱ ላይ የባላንጣው የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ቅጠል አለበት።

የፊልሙ ቁም ነገር ያለው እዚህ ደብዳቤ ላይ ነው። ቲሞቲ ኢተን የሞቱት በ1907 ነው፤ እናት ሲጽፉ ድርጅቱን የሚመሩት የልጅ ልጃቸው ጆን ዴቪድ ኢተን ናቸው። ብዙ ሺህ ሠራተኞች ያሉትን ድርጅት እኚህ ሴት የሚያውቁት ግን እንደ አንድ ሰው ነው፤ ይሉኝታ የሚያስይዝ፣ ሊቀየም የሚችል ሰው። ልጁ አልለብስም ብሎ ሲያለቅስ የሚመልሱለትም ይህንኑ ነው፦ ሙሴ ኢተን እንግሊዝ ናቸው፣ ሜፕል ሊፍስን ይወዳሉ፣ ማልያውን ብንመልስ ይቀየማሉ፣ መልስ እስኪሰጡንም የበረዶው ወራት ያልፋል። ድርጅቱ ስሙን የገነባው ደንበኛ ያልተስማማውን ዕቃ ሲመልስ ገንዘቡን በመክፈል መሆኑን ልብ በሉ። መብቱ አላቸው። ቋንቋው ስለሌላቸው ግን አይጠቀሙበትም። የኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪና የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ባለጸጋ እንዴት ይተያዩ እንደነበር እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ሌላ ሥራ አላየሁም።

ሥዕሉም የታሪኩን ያህል ድንቅ ነው። ቀይ ለብሰው በሚሽከረከሩት ልጆች መሀል አንድ ሰማያዊ ሲገባ የልጁን ብቸኝነት ለማስረዳት ቃል አያስፈልግም። ዳኛው የደብሩ ወጣት ቄስ ናቸው፤ በንዴት የሆኪ ዱላውን የሰበረውን ልጅ ይቅርታ እንዲለምን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይልኩታል። እርሱ ግን የሚለምነው ብል መጥቶ ማልያውን እንዲበላለት ነው።

ቅር ያለኝ ነገር ፊልሙ ለኢተን ይህን ያህል መራራቱ ነው። ከደብዳቤው ማዶ፣ ትዕዛዝ ሲደረድሩ የሚውሉት ሰዎች አይታዩም። የቶሮንቶ ሠራተኞች ከ1948 እስከ 1952 ማኅበር ለማቋቋም ታግለው አልተሳካላቸውም። የሞንትሪያሉ መደብርም በፈረንሳይኛ አያስተናግድም እየተባለ ለብዙ ዓመታት ተወቅሷል። ኩቤክ ፈረንሳይኛን የሥራና የንግድ ቋንቋ ያደረገውን ሕግ ያወጣችው በ1977፣ ፊልሙ ሊወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። ቁጣው ገና ትኩስ ሳለ ካሪዬና ኮኸን ለአንድ ሕፃን አሸክመው ሣቅ አደረጉት። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳም እቅፍ አድርጎ የተቀበለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የታሪኩ ቃላት በ2002 በወጣው የአምስት ዶላር ኖት ላይ እስከ መታተም ደርሰዋል።

የገጠር ልጆች ሆኪ ሲጫወቱ ቅልጥማቸው ላይ እያሰሩ መከላከያ ያደርጉት የነበረው ያ ወፍራም ካታሎግ በ1976 ቆመ። ድርጅቱም በ1999፣ በተመሠረተ በ130 ዓመቱ ከስሮ ተዘጋ። ፊልሙ ስለ ውድቀቱ የሚለው የለም። እንደ ሙሴ ኢተን የሚቀየም ሰው የሌለበት መደብር ደንበኛውን በምን ይይዛል የሚለውን ጥያቄ ግን ጥሎብኝ አልፏል። የእነዚህን ትልልቅ መደብሮች ታሪክ ማወቅ የሚሻ ሰው ከወፋፍራሞቹ መጻሕፍት በፊት ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። የፊልም ቦርዱ በነፃ ያሳየዋል። በተለይ ካናዳ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት።