የጥሩ ፓይፕላይን መለያ

ኮድ የሚገነባውን፣ የሚፈትነውንና ዲፕሎይ የሚያደርገውን ፓይፕላይን በያምል ፋይል ፈንታ በኮትሊን ወይም በታይፕስክሪፕት የጻፈ ሰው ሥራውን ሲያሳየኝ መጀመሪያ የማደርገው ሆን ብዬ ማበላሸት ነው። ከአንዱ ሥራ (ጆብ) ስም አንድ ፊደል አጎድልና ኤዲተሩን አያለሁ። ወዲያው በቀይ ካሰመረበት ደስ ይለኛል። ዝም ብሎ አሳልፎት ስህተቱ የሚታየው ኮዱ ፑሽ ከተደረገና ሰርቨር ላይ ወረፋ ከጠበቀ በኋላ ከሆነ ግን የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው።

ኮድ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የጄንኪንስ ፓይፕላይን የሚጻፈው በግሩቪ ነው፤ ግሩቪም ሙሉ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ሆኖም ስሙ የተሳሳተ ትዕዛዝ የሚጋለጠው ሩጫው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ነው፤ ምናልባትም ረጅሙ ቴስት ሁሉ ካለፈ በኋላ።

የጎደለው የዓይነት (ታይፕ) ፍተሻ ነው። ጥቅሙ የሚገባው ያምል ላይ የተቸገረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፓይቶን 3.10 ሲወጣ ቁጥሩን ያለ ትምህርተ ጥቅስ የጻፉ ፓይፕላይኖች 3.1ን መፈለግ ጀመሩ፤ ያምል እንደ አስርዮሽ ቁጥር ስላነበበው የመጨረሻዋ ዜሮ ጠፋች። እትም ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም ብሎ የሚያውቅ ዓይነት ቢኖር ኮምፓይለሩ ገና ከደጅ ይመልሰው ነበር። እርግጥ ለያምልም ስኪማ ተሠርቶለታል፤ ብዙ ስህተት ይይዛል። አንዱ ሥራ ያወጣው ውጤት ለሚቀጥለው ሥራ የሚሆን መሆኑን ግን አያይም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመዝነው ይህንኑ ነው። በምርጥ ሥራ ውስጥ «ይህ ከዚያ በኋላ ይሂድ» የሚል ትእዛዝ በብዛት አይታይም። የቢልድ ፋንክሽኑ የተሠራውን ኮንቴይነር ይመልሳል፤ የዲፕሎይ ፋንክሽኑ ያንን ኮንቴይነር ካልሰጡት አይጠራም። ቅደም ተከተሉ ከዚሁ ይወጣል፤ ያልተሠራ ነገርን ዲፕሎይ የሚያደርግ ኮድ መጻፍ እንኳ አይቻልም። የዶከር መሥራች ሰለሞን ሃይክስ ከባልደረቦቹ ጋር የጀመረው የፓይፕላይን መሣሪያ ዳገር በዚህ መንገድ ይሄዳል፦ ፎልደር፣ ኮንቴይነር፣ ሚስጥር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓይነት አላቸው። ሚስጥር ለብቻው ዓይነት መሆኑን በጣም እወደዋለሁ፤ ተራ ጽሑፍ የሚጠብቅ በጎ (Go) ቋንቋ የተጻፈ ፋንክሽን ውስጥ በስህተት ቢያስገቡት ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል።

የሚያስጠረጥረኝ ምልክት ደግሞ አለ፦ ከላይ የተዋበ ታይፕስክሪፕት፣ ውስጡ ግን በጥቅስ የታሰረ ረጅም የባሽ ስክሪፕት። ኮምፓይለሩ እዚያ ውስጥ ምንም አያይም። ከልክ ያለፈ ብልሃትም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ሥራ ለማስኬድ አምስት ክላስ እርስ በርሱ ሲወራረስ ካየሁ ፋይሉን እዘጋለሁ። ቴስት ብቻ የምታስኬድ አጭር ያምል በያምልነቷ ብትቀር ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ኮዱ ለጊትሃብ አክሽንስ ያምል የሚያመነጭ ከሆነ የመነጨውን ፋይል በእጄ ነካክቼ ኮሚት አደርጋለሁ። ፓይፕላይኑ ከምንጩ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ካገኘና ሩጫውን ካስቆመ፣ ያን ሥራ ለባልደረቦቼ አሳያለሁ።